ፈተና በደረሰ ቁጥር የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለምን ይሰረዛል?

ሜዳው (ምሥራቅ ጎጃም)

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ። ሲያስጨንቀኝ የከረመ ጉዳይ አለና ላንሣው፤ እናንተም የምታውቁትን ጨምሩበት።

ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚሰረዘው የኔ ክፍለ ጊዜ ነው። አንዴ ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይሰጣል፣ አንዴ ለፊዚክስ፣ አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳያስተምርበት «ቁጭ ብላችሁ አንብቡ» ይባላል። ምክንያቱ ይገባኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤቱ ሁሉንም አስደንግጧል። ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። ወላጅ ይጨነቃል፣ ርእሰ መምህሩ ይጨነቃል፣ እኛም እንጨነቃለን። የሁላችንም ጭንቀት ተጠራቅሞ የሚያርፈው ግን አንድ የ18 ዓመት ልጅ ላይ ነው።

በዚያ ላይ የእኛ አካባቢ ልጆች ምን እንዳሳለፉ ታውቃላችሁ። ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ቤት የከረሙ አሉ። ሌሊቱን ተኩስ ሲሰሙ አድረው ጠዋት ደብተራቸውን ይዘው የሚመጡ አሉ። ሜዳ ላይ የቆመ መምህር ክፍል ውስጥ የማይታይ ነገር ያያል፤ ኳስ ሲያይ እግሩ አላርፍ ይል የነበረ ልጅ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ይውላል። «ራሴን ያመኛል»፣ «ልቤ ይመታል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» የሚሉኝ በዝተዋል። «ድብርት ይዞኛል» ብሎ የሚናገር ግን ከስንት አንዱ ነው።

እኔ የምለው፣ ያቺ ክፍለ ጊዜ በፈተና ወራት ልትጨመር ይገባታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ያህል ልብን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። በሳምንት አንዴ የምትሰጠው የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ሳትሰረዝ እንኳ የዚህን አንድ አሥረኛ አትሞላም። እሷንም ከወሰድንባቸው ምን ቀረላቸው?


ጥቁር ሰሌዳ

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። እኔ ሒሳብ ነው የማስተምረው። በጸጥታው ምክንያት የባከነውን ጊዜ እርስዎም ያውቁታል፤ ግማሽ መጽሐፍ ሳንጨርስ ልጆቹን ለፈተና ልንልካቸው ነው። አንዲት ክፍለ ጊዜ ለኔ ትልቅ ነገር ናት።

ደግሞስ የእኛ ተማሪ መቼ ተቀመጠ? ሰዓት ተኩል በእግሩ ተጉዞ የሚመጣ ልጅ ነው። ቤቱ ሲመለስ ከብት ይመልሳል፣ እንጨት ይፈልጣል። ሴቷ ውሃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ ነው ደብተር የምትይዘው። በዐውድማ ሰሞን ከሆነ ሌሊቱንም እዚያው ነው። ስፖርት የሚያስፈልገው ቢሮ ለሚውል ሰው ነው። የኛ ልጆች የጎደላቸው የማንበቢያ ጊዜ ነው።


ሜዳው

ወንድሜ፣ ስለ ገጠሩ ልጅ ያልከው እውነት ነው፤ የኔም ተማሪዎች ናቸው። ግን ትምህርት ቤት ያለበት ከተማ ቤት ተከራይተው፣ ከቤተሰብ ስንቅ እየመጣላቸው የሚማሩትንስ? እነሱ ክፍል ውለው፣ ኪራይ ቤታቸው ገብተው፣ ከአንዲት ፍራሽ ላይ ሳይነሡ ነው የሚያመሹት። ስለ ሥራና ስለ ስፖርት ልዩነት ደግሞ ሌሎች ይናገሩበት፤ እኔ ከተናገርኩ ለራሱ ክፍለ ጊዜ ነው የሚሟገተው ይባላል።


የዳሞት ልጅ

ጋሼ ጥቁር ሰሌዳ፣ እኔ ራሴ እርስዎ ያሉት ዓይነት ልጅ ነበርኩ። ደጋ ዳሞት ነው ያደግሁት፤ አሁን የዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነኝ።

አገር ቤት እያለሁ ስፖርት የሚባል ነገር አስቤ አላውቅም። ዳገት ወጥቼ ወርጄ፣ አጭጄ፣ ወቅቼ፣ ማታ ጋደም ስል እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ያ ሁሉ በአንድ ቀን ቆመ። ዶርም፣ ካፌ፣ ክፍል፣ ላይብረሪ፤ ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ፣ ሁሉም ተቀምጦ። ለዘመናት ሲሠራ የኖረ ሰውነት ድንገት ሥራ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ማንም አልነገረኝም። እንቅልፌ ተገለባበጠ። ሌሊት አፍጥጬ አድራለሁ፣ ቀን ሌክቸር ላይ እደክማለሁ። ከዚያ ምግብ አስጠላኝ፣ ሰው አስጠላኝ። ቤት ሲደውሉ «ደኅና ነኝ» ብዬ ስልኩን መዝጋት ነበር።

ዶርማችን ውስጥ ለፈተና ብለው ጫት የሚይዙ ልጆች ነበሩ። ሌሊቱን በምርቃና ያነባሉ፤ ጠዋት ግን ያ ድባቴ ሲመጣባቸው ማየት ያሳዝናል። የተኛ ሰው በሁለት ሰዓት የሚይዘውን እነሱ ሌሊቱን ሙሉ ይዘውት ፈተናው ላይ ይጠፋባቸዋል።

እኔን ያወጣኝ የአልጋ ጎረቤቴ ነው። ምክር አልሰጠኝም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብርድ ልብሴን ገፎ «ተነሥ፣ እስከ በሩ ደርሰን እንመለስ» ይለኝ ነበር፤ በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። መጀመሪያ እርምጃ ብቻ ነበር። እየቆየን ሶምሶማ ጀመርን። ከሁሉ በፊት የተመለሰልኝ እንቅልፌ ነው። የምግብ ፍላጎቴ ተከተለ፤ ወሬም ቆይቶ መጣልኝ።

ሥራና ስፖርት አንድ ነው ላሉት ግን፣ አጨዳ ላይ እያለሁ ልቤ የሚያስበው «ዝናብ ሳይደርስ እንጨርስ» ነበር። ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር ስሮጥ ማንም አያዘኝም፣ የምጨርሰው ነገር የለም። ሰውነት አንድ ቢሆንም ሐሳብ የሚያርፈው በሁለተኛው ነው።


ሲስተር ነኝ (ባሕር ዳር)

መምህር፣ ጉዳዩን ስላነሡት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምሠራው በአእምሮ ሕክምና ተመላላሽ ክፍል ነው። የዳሞት ልጅ፣ አንተም ስለተናገርክ ተባረክ፤ ያልከው ነገር በጥናትም ይታያል። ሰው በፈቃዱ፣ በዕረፍት ጊዜው የሚያደርገው እንቅስቃሴ ከአእምሮ ጤና ጋር ያለው ግንኙነት ከጉልበት ሥራ ይልቅ የተሻለ ነው። የጉልበት ሥራ ሰውነትን ያጠነክራል፤ ከጭንቀት ለማሳረፍ ግን ያን ያህል አይረዳም።

ወደ እኛ የሚመጡት ተማሪዎች ብዙዎቹ አስቀድመው ጨጓራ ታክመዋል፣ ራስ ምታት ታክመዋል፣ ልባቸውን ተመርምረዋል። ጭንቀት በሰውነት በኩል ነው የሚናገረው። ስለዚህም ይመስለኛል በሰውነት በኩል ገብቶ ማርገብም የሚቻለው። ስንንቀሳቀስ አንጎል ውስጥ ስሜትን የሚያቀኑ ንጥረ ነገሮች ይጨምራሉ። ኢንዶርፊንን ሁሉም ሰምቶታል፤ ከሱ ሌላ ቢዲኤንኤፍ የሚባል፣ የነርቭ ሴሎች እንዲያድጉና እርስ በርስ እንዲያያዙ የሚረዳ ፕሮቲን አለ። ትምህርት በሚመዘገብበት የአንጎል ክፍል፣ በሂፖካምፐስ፣ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ለተማሪ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እንቅልፍ ነው። ያልተኛ ልጅ ያነበበውን አይዝም፤ ካልያዘ ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ አይተኛም። ጠዋት በፀሐይ ብርሃን መንቀሳቀስ ይህን አዙሪት ለመስበር ከማውቃቸው መንገዶች ቀላሉ ነው፤ ብርሃኑ ራሱ የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላል።

ጥናቱን ለሚፈልግ፦ በ2024 እ.ኤ.አ. ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ትንታኔ 218 ጥናቶችን፣ ከ14,000 በላይ ተሳታፊዎችን አንድ ላይ መርምሯል። እርምጃና ሶምሶማ፣ ዮጋ፣ ክብደት ማንሣትን የመሰለ የጡንቻ ሥራ ድብርትን በማቅለል ጎልተው ታይተዋል። ጠንከር ያለው እንቅስቃሴ የበለጠ ረድቷል። አጥኚዎቹ ከተሰበሰቡት ጥናቶች ብዙዎቹ ድክመት እንዳለባቸው ራሳቸው ጽፈዋል፤ ስለዚህ ተአምር አድርገን አናውራው። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ድብርት ያለባቸውን 156 ሰዎች ከፋፍለው ለከፊሎቹ ስፖርት፣ ለከፊሎቹ ሰርትራሊን የሚባለውን መድኃኒት፣ ለቀሩት ሁለቱንም ሰጥተው ነበር። ከ16 ሳምንት በኋላ በሦስቱም ወገን የታየው መሻሻል ተቀራራቢ ሆነ፤ መድኃኒቱ ግን ቶሎ ጀመረላቸው። ተሳታፊዎቹ 50 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ ነበሩና ለተማሪ እንዳለ አይገለበጥም።

አሁን በጣም የምለምናችሁ ነገር አለ። ስፖርት ምርኩዝ ነው። ልጁ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አብዛኛውን ቀን ልቡ ከከፋው፣ ይወደው የነበረውን ነገር ሁሉ ከጠላ፣ መብላትና መተኛት ካልቻለ፣ «ሮጥ ሮጥ በል ይተውሃል» ብላችሁ አትሸኙት። ሞትን የሚያነሣ ከሆነ ደግሞ ነገ ሳትሉ፣ ብቻውን ሳትተዉት ሐኪም ቤት ይዛችሁት ኑ። ባሕር ዳርም ደብረ ማርቆስም ሪፈራል ሆስፒታል ላይ የአእምሮ ሕክምና አለ። ጠበል የሚሄድም ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። ሊቲየም የሚባለውን የስሜት መዋዠቅ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሙቀት ብዙ ካላበውና ውሃ ካልጠጣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊበዛበት ይችላልና ስፖርት ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ሌላው፣ መምህር፣ «ልቤ ይመታል» የሚሉዎትን ልጆች በቀጥታ ወደ ሩጫ አያስገቧቸው። የልብ መምታት ተኩስ የሰሙበትን ሌሊት የሚያስታውሳቸው አሉ። ሲሮጡ ልባቸው ይመታል፣ ያኔ ፍርሃቱ የመጣባቸው ይመስላቸዋል። በእርምጃ ይጀምሩ፤ እያወሩ መራመድ የሚችሉበት ፍጥነት ይበቃል። ቀስ እያለ ሲጨምር የልብ መምታት አደጋ አለመሆኑን ሰውነታቸው ራሱ ይማረዋል። አንድም ልጅ በክፍል ፊት «ፈሪ» እንዳይባል አደራ።


ሜዳው

ሲስተር፣ ይህ የመጨረሻው ነገር ለኔ ትምህርት ነው። ለሥራ ባልደረቦቼም አነብላቸዋለሁ።


ጣና ዳር

ሁላችሁም የምታወሩት የወንድ ልጅ ስፖርት ነው። በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ውስጥ ሜዳው ማለዳም ማታም በኳስ የተያዘ ነው። ዳር ዳሩን ልዙር ብትይ ከአጥር ጀምሮ የሚለክፍሽ አይጠፋም። ሱሪ ለብሰሽ ከወጣሽ ወሬ ነው፣ በቀሚስ መሮጥ አይቻልም። ከግቢ ውጭ በጠዋት ብቻዬን መውጣትማ በዚህ ጊዜ የማይታሰብ ነው። ከዚያ «ሴቶች ስፖርት አይወዱም» ይባላል።

እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። የዶርማችን ሴቶች ተሰባስበን ኮሪደሩን ያዝነው። ገመድ ዝላይ አለ፣ በስልክ ሙዚቃ ከፍተን እስክስታ አለ። የጎጃም እስክስታ ከሆነ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ላብ በላብ ነሽ፤ ትከሻና ጀርባችን ቀኑን ሙሉ ደብተር ላይ ተደፍቶ የደረቀው ይፍታታል። መጀመሪያ ፕሮክተሯ «ረበሻችሁ» ብላ ተቆጥታ ነበር፣ ኋላ ራሷ ገባች። ከኛ ውስጥ አንዷ የመውጫ ፈተናውን ፈርታ ዶርም ውስጥ ብቻ የምታለቅስ ልጅ ነበረች። ለመጨፈር አልመጣችም፤ በሩ ላይ ተቀምጣ ታይ ነበር። ሙዚቃውን እንድትመርጥ ስልኩን ሰጠናት። አሁን እሷ ካልመጣች አንጀምርም።

መምህር ሜዳው፣ ትምህርት ቤታችሁ ለሴቶች ብቻ የሆነ የሜዳ ሰዓት ይስጥ። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅም ምክንያቷን በወንዶቹ ፊት እንድትናገር አትጠየቅ፤ «ዛሬ ቀለል ያለውን» ብትል ይበቃ።


ፔዳል

ጣና ዳር፣ ልክ ነሽ እታለም። እኔ ደግሞ የባሕር ዳር ልጆች ብስክሌትን አትርሱ ልል ነበር። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ዘንባባው ጥላ ይሆናል። ባጃጅ ከመሳፈር ክፍል በብስክሌት መሄድ ለብቻው ጊዜ አይጠይቅም። ደብረ ማርቆስ ላለ ሰው ዳገቱም ብርዱም ይከብደዋል፣ ይገባኛል።


የ12ኛ ክፍል እናት (ፍኖተ ሰላም)

ልጆቼ፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ይህንንም የሚጽፍልኝ የልጄ ታናሽ ወንድም ነው። ልጄ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ከትምህርት ቤት መጥታ ክፍሏን ዘግታ ታነባለች፤ ሥራ ሁሉ ትቼላታለሁ፣ ቡና እንኳ አታፈላም። አሁን አሁን ግን ትበሳጫለች፣ ሰውነቷ ከሳ፣ ሌሊት ስትቃዥ እሰማታለሁ። ከቤት ላስወጣት ወይስ ታንብብ? ጊዜዋን እንዳልወስድባት ፈራሁ።


ሲስተር ነኝ (ባሕር ዳር)

እናቴ፣ ያስወጧት። ማታ ከ11 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ከጎረቤት ልጅ ጋር ወይም ከርስዎ ጋር ትራመድ። ስለ ፈተና በዚያ ሰዓት አይጠይቋት። ቡናውንም ታፍላ፤ ከሰው ጋር ተቀምጣ የምታወራበትን ጊዜ ከትምህርቷ እንደ መቀማት አይቁጠሩት። ለተወሰነ ጊዜ ይህን አድርጋ ቅዠቱና መክሳቱ ካልቀነሰ ጤና ጣቢያ ይዘዋት ይሂዱ፤ ከሲታነቱ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ምርመራም ያስፈልጋታል።


አያ ሩር

እኔ አሁን በዕድሜ ገፍቻለሁ፤ ልጅ ሳለን የነበረውን ላስታውሳችሁ። ገና ሲደርስ የገና ጨዋታውን ኳስ፣ ሩሩን፣ ድቡልቡል አድርገን፣ ዱላችንን ከእንጨት ቆርጠን፣ ላይኛው ሰፈር ከታችኛው ሰፈር ጋር እስኪመሽ እንራወጥ ነበር። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ሲባል ሰምታችኋል። አሽከርና ጌታ፣ ሀብታምና ድሃ እኩል የሚሆንበት ቀን ስለሆነ ነው። በዓመቱ ውስጥ የተቋጠረ ቂም ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ይወጣ ነበር። የእንጅባራ አገዎችም የፈረሰኞች በዓላቸው ጥር 23 ሲመጣ በፈረሶቻቸው ሜዳውን ሲሞሉት ወጣቱ ምን ዓይነት ልብ እንደሚያገኝ ያየ ያውቀዋል። መምህር፣ ልጆቹን ኳስና ሩጫ ብቻ አታስተምሯቸው። ገና ጨዋታን ስጧቸው። ኳስ የማይችለው ልጅ እዚያ ይችል ይሆናል።


ፍሬሽማን

አንድ ጥያቄ። ከቆላ ነው የመጣሁት፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት ዙር ሳልሮጥ ትንፋሼ ይቆረጣል። ጤናዬ ነው? ደግሞ ጾም ሲገባ ስፖርቱን ማቆም አለብኝ?


ሜዳው

ፍሬሽማን፣ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ከቆላ የመጣ ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢያለከልክ አይግረምህ። አንድ ደቂቃ ሮጠህ ሁለት ደቂቃ ተራመድ፣ እንዲህ እያልክ ሰውነትህ ይለምደዋል። ቁጭ ብለህም ትንፋሽ የሚያጥርህ ወይም ደረትህን የሚወጋህ ከሆነ ግን ሐኪም ይይህ።

ጾሙን በተመለከተ፣ እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ከባዱን ሩጫ ተወው። ጠዋት ቀለል ያለ እርምጃ፣ ጠንከር ያለውን ደግሞ በልተህ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየህ በኋላ ማታ ላይ አድርገው። ሽሮውም ምስሩም ክኩም ለጡንቻ ይበቃል፤ ብቻ ውሃ ጠጣ። በዐቢይ ጾም ሰግደህ የምትውል ከሆነማ ስግደቱ ራሱ ቀላል እንቅስቃሴ አይደለም።


ጥቁር ሰሌዳ

የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። የእናትየዋ ነገር ልቤን ነክቶታል፤ እኔ ክፍል ውስጥም እንደዚያች ልጅ ያሉ አሉ፤ የመለስኩላቸውን ወረቀት እያዩ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ።

ግን አሁንም አንድ የምይዘው ነገር አለኝ። ከስፖርት ቀጥሎ የኔ ክፍለ ጊዜ ሲሆን ልጆቹ አሥር ደቂቃ ዘግይተው፣ ላብ በላብ ሆነው ይገባሉ። የምከራከረው በዚህ ነው። ስፖርቱ ከምሳ በፊት ወይም ከቀኑ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ያን ጊዜ የኔን ሰዓት አይነካም፣ እኔም የእናንተን አልወስድም። ደብል ሒሳብ በሚኖረኝ ቀን ደግሞ መሀል ላይ አምስት ደቂቃ ቆመው እንዲፍታቱ እኔው አደርጋለሁ። ምን ማሠራት እንዳለብኝ ግን ንገሩኝ፤ እኔ የማውቀው ቀመር ነው።


ሜዳው

እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። ወንበር ማንሣት አያስፈልግም፤ ባሉበት ይቁሙ። ትከሻ ወደ ኋላ ማዞር፣ ክንድ ወደ ላይ መዘርጋት፣ በቦታቸው ጉልበታቸውን ከፍ እያደረጉ መርገጥ፣ ከወንበር ላይ ሳይደገፉ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ። የመጨረሻውን ደቂቃ በአፍንጫ ቀስ ብለው እየሳቡ በአፍ ረዘም አድርገው ያስወጡ። ሰዓቱን የምታውቅ አንዲት ተማሪ መድብ፣ እሷ ትምራቸው።

የሰዓት ድልድሉን ሐሳብህን በመጪው የመምህራን ስብሰባ አንተው አቅርበው። ከሒሳብ መምህር ሲመጣ ይሰማል። የሴቶቹን የሜዳ ሰዓት እኔ አቀርባለሁ።


የቢቸና መምህር

የእኛ ሜዳ ከሰኔ ጀምሮ ጭቃ ነው፤ ፈተናውም በዚያው ሰሞን ነው። አዳራሽ የለንም። ምን ታደርጋላችሁ?


ሜዳው

እኛም የለንም። በረንዳው ላይ በቡድን በቡድን እየተፈራረቁ ገመድ ዝላይ፣ ፑሽአፕና ደረጃ መውጣት መውረድ እናሠራለን። ገመዱን ከገበያ የጠፍር ወይም የናይለን ገመድ ገዝተህ ቆራርጠው፤ ለአንድ ክፍል አምስትና ስድስት ይበቃል። ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ የስፖርቱን ክፍለ ጊዜ ወደ ጠዋት አዙርላቸው። የጫማ ነገር ካስቸገረ በባዶ እግራቸው በረንዳ ላይ መሥራት ይችላሉ፤ ሲሚንቶው የተሰባበረ እንዳይሆን ብቻ ቀድመህ ተመልከተው።